ሳክስፎኑ ወደ ማን ሄደ? የእጅጋየሁ ሽባባው ድምፅ ከጎጃም ሲደመጥ

ስለ ድምፃዊት እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) በተነሣ ቁጥር አንድ ዓረፍተ ነገር ይደጋገማል፤ «የአገራችንን ዜማ ከጃዝ ጋር የቀላቀለች» ይባላል፣ ነገሩም እዚያው ላይ ይቆማል። አባባሉ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ሥራዋን የወጥ አሠራር ያስመስለዋል፤ ይህን ያህል ዜማ፣ ያን ያህል ሳክስፎን፣ ከላይ ጥቂት ከበሮ። ባሕር ዳር ውስጥ በየሆቴሉ የሚጫወቱ ወጣት ባንዶች ሲለማመዱ ለዓመታት ስከታተል የታዘብኩት፣ የጂጂን መንገድ ይዘናል የሚሉት ልጆች በአብዛኛው የያዙት ይህንኑ የወጥ አሠራር መሆኑን ነው። የእኔ ክርክር ሌላ ነው። እጅጋየሁ አሜሪካ ስቱዲዮ ገብታ ድምፅዋን ለጃዝ አላመቻቸችም፤ የተመቻቸው ጃዙ ነው። ይህ እንዴት እንደሆነ ለማየት ከኒው ዮርክ ሳይሆን ከቻግኒ መነሣት ይሻላል።

ቻግኒ ከእንጅባራ በስተምዕራብ፣ ደጋው ወደ መተከል ቆላ በሚወርድበት መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ለመሀል ጎጃም ሰው ዳር አገር ትመስላለች፤ ለሙዚቃ ግን ዳርነት ጥቅም አለው። በገበያ ቀን አንዲት ሴት ቅቤ ስትገዛ ዋጋውን በአማርኛ ትጠይቅና፣ ከጎኗ ከቆመችው ዘመዷ ጋር በአገውኛ ተማክራ፣ መልሳ በአማርኛ ትከራከራለች፤ ይህን አይቶ የሚደነቅ ሰው የለም። እንዲህ ባለ ቦታ ያደገ ጆሮ ከአንዱ አነጋገር ወደ ሌላው መሻገርን የተለየ ችሎታ አድርጎ ሳይቆጥር የዕለት ኑሮው አድርጎ ይለምደዋል። እጅጋየሁ የዚህች ከተማ ልጅ ናት፤ የቆዩ ዜማዎችንም እዚያው ቤተሰቧ ቤት ውስጥ ከቄስ እንደተማረች ራሷ ተናግራለች።

ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ በብዙዎች ትረካ ውስጥ እንደ ጌጥ ተጠቅሳ ታልፋለች፤ ለእኔ ግን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እሷ ናት። በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራው ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ ሦስት ስልቶች የተከፈለ ሲሆን፣ ድጓ በሚባለው የዜማ መጽሐፍ ላይ ከቃላቱ በላይ የሚጻፉት ጥቃቅን ምልክቶች ደግሞ ድምፁ በምን አኳኋን መውጣት እንዳለበት ይናገራሉ። ድፋት ድምፁን ወደ ታች ይደፋዋል፤ ቅናት ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ደረት ከጉሮሮ ወደ ደረት ያወርደዋል፤ ቁርጥ ሳይታሰብ ይቆርጠዋል፤ ርክርክ ደግሞ በትንንሽ እርከን እያንቀጠቀጠ ያወርደዋል። ይዘት፣ ጭረትና ሂደትም የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ተማሪው መሪጌታው ፊት ተቀምጦ እነዚህን የሚማራቸው በማየት ብቻ አይደለም፤ መምህሩ ያዜማል፣ ተማሪው ይቀበላል፣ ከሳተ ይመለሳል፣ እንዲህ እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ። ከዚህ ሁሉ ድካም ተማሪው የሚያተርፈው፣ ከዜማው ባሻገር፣ አንዲትን ፊደል በአንድ ትንፋሽ ይዞ ሳለ የድምፁን ቀለም አምስት ስድስት ጊዜ መለወጥ መቻልን ነው።

እጅጋየሁ አንድ ረጅም ቃል ስታነሣ፣ ጫፉን ስታረግበው፣ ከዚያም አድማጩ ገና ይቀጥላል ሲል ስትቆርጠው የሚሰማው ይኸው ትምህርት ነው። የውጭ አገር ተቺ ያንን የነፃ ፈጠራ ምልክት አድርጎ ሊሰማው ይችላል፣ አይፈረድበትም፤ በክረምት ሌሊት ማኅሌት የቆመ የጎጃም ሰው ግን ያን ድምፅ ከየት እንደሚያውቀው ለማስታወስ ብዙ አይቸገርም።

ሆኖም እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። በቅኔ ማኅሌቱ ጸናጽልና መቋሚያ ይዞ የሚያዜመው ወንዱ ነው፤ ሴቷ በእልልታ ትቀበላለች። ጎጃም ዓይነ ስውሯን የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን አፍርቷል፤ ወንበር ተክለው ወንዶቹን አስቀኝተዋል፤ ግን ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው እኮ እንደ እሳቸው ያለች ሴት ብርቅ ስለነበረች ነው። ታዲያ ዜማው ጉሮሮዋ ውስጥ የገባ አንዲት ልጅ፣ በሥርዓቱ የምታዜምበት ቦታ ከሌላት ወዴት ትወስደዋለች? የሚቀራት ዘፈኑ ነው። ዘፈኑ ውስጥ ደግሞ የሴቶች የራሳቸው የሆነ፣ ማንም ያላስተማራቸው ሌላ ትምህርት ቤት ቆሞ ይጠብቃታል፤ እሹሩሩው፣ ሙሾው፣ ከሁሉም በላይ የወፍጮው እንጉርጉሮ። ወፍጮ ላይ የተንበረከከች ሴት ከበሮ የላትም፤ ምቱን የምታገኘው ከመጁ ነው። መጁን ስትገፋው ትንፋሿ ይወጣል፣ ቃሉም አብሮ ይወጣል፤ ስትስበው አየር ታስገባለች፤ እህሉ ሲከብዳት ስንኙ ይረዝማል፣ ሲቀላት ይፈጥናል። ይህ ምት እንደ ሰዓት ቆጣሪ እኩል አይደለም፤ ግን አይጠፋም። ከበስተኋላ የሚሄደውን ምት ሳትለቅ ቀደም ብላ ወይም ዘግየት ብላ ቃሏን የምታሳርፍ ድምፃዊት በጃዝ ዓለም ትልቅ ሙገሳ ታገኛለች፤ የእኛ እናቶች ይህንን ለምሽት ራት የሚሆን ዱቄት እያዘጋጁ ያደርጉት ነበር።

የእጅጋየሁ ጉዞ ውጫዊ ታሪክ አጭር ነው። ጥቂት ዓመታት ኬንያ ኖራ እ.ኤ.አ. በ1998 ገደማ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተሻገረች። በውጭ ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ አድማጭ የሠራቻቸውን ቀደምት ቅጂዎች የሰማው ክሪስ ብላክዌል፣ ቦብ ማርሊን ለዓለም ያደረሰው የአይላንድ ሪከርድስ መሥራች፣ ፓልም ፒክቸርስ በተባለው አዲስ ኩባንያው በኩል ሥራዋን ለማውጣት ወሰነ። ፕሮዲዩሰሩ ኋላ ባለቤቷ የሆነው ቢል ላዝዌል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 «ጂጂ» ተብሎ በስሟ የወጣው አልበም ላይ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተር፣ ፋሮህ ሳንደርስና ኸንሪ ትሬድጊል ተሳተፉ። የጃዝን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ ስም ዝርዝር ብቻውን ያስደነግጣል፤ ለአንዲት ገና ለማትታወቅ አፍሪካዊት ድምፃዊት ይህን ያህል ታላላቅ ሰዎች በአንድ አልበም ላይ መሰባሰባቸው የተለመደ አልነበረም።

ግን የሰዎቹን ዝና ትተን አጨዋወታቸውን ብንመለከት የተሻለ ነገር እናገኛለን። ሃንኮክና ሾርተር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የማይልስ ዴቪስ ኩዊንቴት (ባለ አምስት ሰው ባንድ) አባላት ነበሩ፤ ሳንደርስ ደግሞ ከ1965 ጀምሮ ከጆን ኮልትሬን ጎን ቆሞ ነፍቷል። ከእነዚያ ሰዎች ቀደም ብሎ የነበረው ጃዝ ኮርዱ፣ ማለትም አንድ ላይ የሚመቱት ድምፆች፣ በየምቱ የሚቀያየር፣ ተጫዋቹም ኮርዱን ተከትሎ የሚሮጥበት ሙዚቃ ነበር። ማይልስና ኮልትሬን ያመጡት ለውጥ ሩጫውን ማቆም ነው፤ ኮርዶቹን ቀንሰው፣ አንዳንዴም አንዱ ላይ ለረጅም ጊዜ ተቀምጠው፣ ዜማውን በአንድ የድምፅ መሰላል ውስጥ በነፃነት እንዲዘዋወር ለቀቁት። ይህ አካሄድ ለእኛ ቅኝቶች የተሠራ ይመስላል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ብቻ ናቸው፤ በየምቱ ኮርድ ቢቀየርባቸው ይበጣጠሳሉ፣ አንድ ቦታ ላይ ጸንቶ የሚቆም ድምፅ ከሥር ቢነጠፍላቸው ግን ይፋፋሉ። በገና ደርዳሪውም ሆነ ማሲንቆ መቺው የሚያደርገው ይህንኑ አይደለምን? እንግዲህ ላዝዌል የጠራቸው ሰዎች ከጃዝ ሙዚቀኞች ሁሉ ለጎጃም ዜማ ቅርብ የሆኑት ነበሩ ማለት ነው። ሾርተር በሳክስፎኑ ብዙ ሊናገር የሚችል ሰው ሆኖ ሳለ እሷ ስታዜም ዝም ይላል፣ ስታርፍ በሁለት በሦስት ድምፅ ይመልስላታል፤ የአዝማሪው ማሲንቆ ከግጥሙ በኋላ ገብቶ «ተቀበል» እንደተባለ እንደሚያደርገው ማለት ነው።

በዚህ ነገር ላይ እጅጋየሁ መንገድ ጠራጊ አልነበረችም፤ ሳትበደል መመስገን ካለባት ይህም መነገር አለበት። ሙላቱ አስታጥቄ ከእንግሊዝና ከቦስተኑ በርክሊ ትምህርቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኒው ዮርክ ላይ ኢትዮ ጃዝን ሲጀምር፣ አምስቱን ድምፆች በቫይብራፎንና በነፋስ መሣሪያዎች አሰልፎ፣ ከሥራቸው የላቲን ከበሮና የጃዝ ኮርድ አነጠፈ። ድንቅ ሥራ ነው፤ በዋናነት ግን የመሣሪያ ሙዚቃ ነው፣ ድምፃዊ በዚያ ቤት ውስጥ እንግዳ ሆኖ ኖሯል። ጌታቸው መኩሪያ ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ሽለላውንና ቀረርቶውን ሰምቶ ሳክስፎኑ እንዲፎክር አደረገው፤ በተመስጦ የሚጮኸውን የጌታቸውን ሳክስፎን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ፈረንጅ ከአሜሪካው ነፃ ጃዝ ጋር ያመሳስለዋል፣ ጌታቸው ግን እየፎከረ ነበር። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ሳክስፎኑ ወደ ሰው ድምፅ መሄዱ ነው። የእጅጋየሁ አልበም ይህንን የጌታቸውን ሐሳብ በሌላ ትውልድና በሌላ አገር ሰዎች እጅ ቀጠለው፤ ልዩነቱ አሁን ሳክስፎኑ የሚከተላት ድምፃዊት እዚያው ከጎኑ መኖሯ ነው።

ለመሆኑ የጃዝ ድምፃዊት ናትን? በአሜሪካኖቹ መለኪያ ከሄድን መልሱ ቀላል አይደለም። የቆዩትን የጃዝ መዝሙሮች አትዘፍንም፤ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት እየደረደረች እንደ ጥሩምባ አትጫወትም፤ ሪትሙም የእነሱ ዓይነት አይደለም። የእኛ አዝማሪም ፈጣሪ ነው፣ ግን የሚፈጥረው ቃሉን ነው፤ ዜማው ባለበት ቆሞ ግጥሙ ከመንደሩ ወሬ፣ ከጠጪው ኮፍያ፣ ከባለቤቲቱ ፈገግታ እየተነሣ ይደረደራል። የጃዝ ሰው የሚፈጥረው በተቃራኒው ዜማውን ነው። እጅጋየሁ ከሁለቱም አትሆንም፤ ቃሏና የዜማዋ አጥንት አስቀድሞ የተወሰነ ሆኖ፣ የምትለዋውጠው የድምፅዋን ቀለም ነው። ሁለገብነቷም እዚህ ላይ ይገኛል። እንደ ካህን ታዜማለች፣ እንደ ወፍጮ ሴት ታንጎራጉራለች፣ እንደ ሠርግ ቤት ልጅ ታጨበጭባለች፣ ሁሉንም በአንድ ዘፈን ውስጥ ልታደርጋቸው ትችላለች። የጃዝን ስም የሚያሰጣት ይህ ነው ባይ ነኝ፤ የማይስማማ ሰው ቢኖር ስሙ ላይ አልከራከረውም።

በዚያው አልበም ላይ ያለው የአንዱ ዘፈን ስም ለዚህ ሁሉ ከእኔ የተሻለ ቃል አለው፦ «ጉራማይሌ»። ዛሬ ቃሉን የምናውለው ሁለት ቋንቋ ቀላቅሎ የሚያወራን ሰው ለመተቸት ነው፤ እንግሊዝኛና አማርኛ ሲያምታታ «ጉራማይሌ ተናጋሪ» እንለዋለን። መሠረቱ ግን ከሴቶች ድድ ላይ ነው። ድዷን የምትነቀስ ሴት ሁሉንም አጥቁራ ልትነቀስ ትችላለች፤ ወይም አንዱን አጥቁራ፣ ቀጣዩን በተፈጥሮ ቀለሙ ትታ፣ እንዲህ እያፈራረቀች ትነቀሳለች፤ ይህ ሁለተኛው ነው ጉራማይሌ። አያቴ እንዲህ የተነቀሱ ነበሩ፤ ሲስቁ ጥቁሩና ቀዩ ጎን ለጎን ይታይ ነበር፣ አንዱ ወደ ሌላው አይፈስስም። ቅልቅል ቢሆን ኖሮ ግራጫ ይሆን ነበር። የእጅጋየሁን ሥራ «ቅልቅል» ማለት የማይስማማኝ በዚህ ምክንያት ነው፤ ዜማው ዜማ ሆኖ፣ ሳክስፎኑ ሳክስፎን ሆኖ፣ ድንበራቸው እየታየ ነው የሚያምሩት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሥራዎች ይህንን መለኪያ ይዘን ስንሰማቸው እኩል አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2003 ላዝዌል ያንኑ «ጂጂ» የተባለውን አልበም በስቱዲዮ ድምፆች አቅልጦ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ብሎ አወጣው፤ እዚያ ውስጥ ድምፅዋ እንደ ጭስ ይመጣል ይሄዳል፣ ጥሩ ማደንዘዣ ነው፣ ግን እጅጋየሁ የለችበትም። በዚያው ዓመት «አቢሲኒያ ኢንፊኒት» በሚል የቡድን ስም የተሠራው «ዛየን ሩትስ» ወደ ክራርና ወደ ሌሎች ኤሌክትሪክ አልባ መሣሪያዎች የተመለሰ ሲሆን፣ ከሁሉም አልበሞቿ እኔ ደጋግሜ የምሰማው እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው «ጎልድ ኤንድ ዋክስ» ርእሱን ከሰምና ወርቅ ወስዷል። ለዋሸራና ለጎንጅ አገር ልጅ ይህ ተራ ርእስ አይደለም፤ የቅኔ ተማሪ ሰሙን አቅልጦ ወርቁን እስኪያወጣ ድረስ ስንት ሌሊት ቆሎ እየቆረጠመ እንደሚያድር ጎጃም ያውቀዋል። ችግሩ፣ በአንዳንዶቹ ዘፈኖች ላይ የፕሮግራም ምቱ በዝቶ ሰሙ ወፍራም፣ ወርቁ ሩቅ መሆኑ ነው። ይህ የእኔ ጆሮ ፍርድ ነው።

አገር ቤት «ጂጂ» የተባለው አልበም ሲሰማ ተቃውሞም ገጥሞት ነበር፤ ከለመድነው የዘፈን አሠራር ጨርሶ የወጣ ነው ተባለ። ነቀፋው እየቀዘቀዘ ሄዶ፣ ዛሬ በየድምፅ ውድድሩ አንዲት ልጅ አቅሟን ማሳየት ስትፈልግ የምትመርጠው የእጅጋየሁን ዘፈን ሆኗል። ከሁሉ ይልቅ ዕጣው የሚገርመኝ የ«ዓባይ» ነው። ዘፈኑ በዚያው «ጂጂ» በተባለው አልበም እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ፤ የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠው ከዚያ አሥር ዓመት ገደማ ቆይቶ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። ሆኖም ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስኪመረቅ ባሉት ዓመታት ዘፈኑ በየመድረኩና በየማኅበራዊ ገጹ ለግድቡ የተዘፈነ እስኪመስል ድረስ ተደመጠ። ወደ ግድቡ ከሚያደርሱት መንገዶች አንዱ በቻግኒ መሀል ያልፋል፤ የጭነት መኪኖቹ በዚያች ከተማ አቧራ ሲያስነሡ የዘፈኗን ባለቤት የትውልድ መንደር እያቋረጡ መሆናቸውን የሚያውቅ ሾፌር ስንቱ ይሆን? ዘፈን ከባለቤቱ አምልጦ የሕዝብ ሲሆን ክብር ነው፤ ነገር ግን መፈክር ሲሆን ድምፁን መስማት እንተዋለን፣ ቃሉን ብቻ እንይዛለን። ዓባይን ዘወትር ለሚሻገር የጎጃም ሰው ደግሞ ወንዙ መፈክር ከመሆኑ በፊት ጎርፍ፣ ድልድይና የስንብት ቦታ ነበር።

አሁን ያለው ጥያቄ ታዲያ ከእሷ ምን ይወሰዳል የሚለው ነው፤ ይህን ያየሁት አንድ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ አጠገብ ባለ ሆቴል ጓሮ በቆርቆሮ በተሠራ የልምምድ ክፍል ውስጥ ነው። ዘፋኟ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት፤ ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ በስልኩ የተማረ፣ እጁ ፈጣን ነው፤ ጥግ ላይ ማሲንቋቸውን ይዘው የተቀመጡት ደግሞ በዕድሜ የሁለቱም አባት ይሆናሉ። አንድ የቆየ የአምባሰል ዜማ «እንደ ጂጂ» ሊሠሩት ነው። ልጅቷ ጀመረች፣ ኪቦርዱ ገባ፣ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ድምፅዋ ተንሸራተተ። ደገሙት፣ እዚያው ቦታ ላይ ተንሸራተተች። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ የምስተው?» አለቻቸው። «አንቺ አይደለሽም የኔ ልጅ፣ የሱ ጣት ነው» አሉና በማሲንቋቸው ጭራ ወደ ኪቦርዱ ጠቆሙ።

እውነታቸውን ነበር። አምባሰልን ከዶ ብንነሣ ያሉት ድምፆች ዶ፣ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶልና ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ላ ናቸው፤ ሚ የሚባል ነገር በቅኝቱ ውስጥ የለም። ልጁ ግን በለመደው መንገድ ዶን፣ ሚንና ሶልን አንድ ላይ ይጫን ነበር። ያ ባዕድ ሚ ከልጅቷ ፋ ጋር በግማሽ ድምፅ ርቀት ይጋጫል፤ ጆሮዋ ወደ ኮርዱ ይጎትታታል፣ ጉሮሮዋ ወደ ቅኝቱ። የተንሸራተተችው በዚህ መሀል ነው። ስህተቱ የእሷ እንደሆነ አምና ድምፅዋን ወደ ኮርዱ ብታስተካክል ኖሮ ዜማው ይሞት ነበር፤ ብዙ ልጆች የሚያደርጉትም ያንን ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹ በመጀመሪያ ተከራከረ፣ «ባዶ ይሆናል» አለ። ኋላ መካከለኛ ጣቱን አነሣ። ዶና ሶል ብቻ ቀሩ፣ ሁለት ድምፅ፣ ረጅም፣ እንደ በገና። ልጅቷ ሦስተኛውን ስንኝ አለፈችው።

ሃንኮክን የመሰለ ሰው ይህንን ጣት መቼ እንደሚያነሣ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም ነበር፤ የእኛ ልጅ ግን የሚነግረው ሰው ያገኘው በአጋጣሚ፣ ማሲንቆ መቺው ዘመድ ሊጠይቁ ከተማ ስለገቡ ነው። ሾርተርና ሳንደርስ ሁለቱም በ2015 ዓ.ም. አርፈዋል፤ ያንን አልበም ከሠሩት ሰዎች አፍ መስማት የሚቻልበት ጊዜ እያጠረ ነው። በእኛ በኩል ደግሞ ድጓውን የሚያውቀው መሪጌታ ኪቦርዱ ወዳለበት አይመጣም፣ ኪቦርድ ተጫዋቹም ወደ ደብሩ አይሄድም፤ ሁለቱን ያገናኝ የነበረው የማታ ጨዋታ ነበር፣ አዝማሪ ቤቱ። እሱም ባለፉት ዓመታት በክልሉ ባለው የጸጥታ ችግር ተመናምኗል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊው የአዲስ አበባን የምሽት ባንዶች እንዴት እንዳዳከማቸው የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ አያየውም፤ እንዲህ ያለ ሙዚቃ የሚለመደው ሥራ ካለቀ፣ ሰው ከተሰበሰበ፣ ጠላው ከወረደ በኋላ ነው፤ በቀን ብርሃን በሁለት ሰዓት ልምምድ የሚገኘው ቁራጩ ብቻ ነው።

ያን ቀን ሁለተኛውን ዜማ አልደረስንበትም። ማሲንቆ መቺው ጭራቸውን በእጣን ሙጫ አሽተው ሊጀምሩ ሲሉ ልጅቷ ስልኳን አየች፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ኪቦርዱን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ባጃጅ ሳይጠፋ ወጣን።